የትናንቱ በደመ ነፍስ ነው

«በደመ ነፍስ» የምትለዋን ቃል ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ሰው የሚጠራት ጥፋት ሲሠራ ብቻ ነው። ብርጭቆ ሰብሮ «በደመ ነፍስ ነው» ይላል። አለቃውን ተሳድቦ «በደመ ነፍስ ነው ያመለጠኝ» ይላል። መቼም «ለነዳያኑ በደመ ነፍስ መጸወትኩ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም። ደግ ሥራ ሲሆንማ ሁላችንም አስበንበት ነው። እንዲያውም ስናስብበት አድረን ነው። ጥፋት ሲሆን ግን እኛ በቦታው አልነበርንም፤ ደመ ነፍስ ነበረች።

እኔ መካነ ሰላም የአማርኛ መምህር ነኝ። ቃል እየፈታሁ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ይህችን ቃል ደግሞ በየዓመቱ አስተምራታለሁ። ሰሌዳው ላይ እጽፋታለሁ፣ ከሥሯ አሰምርባታለሁ፣ ዞር ብዬ «ምን ማለት ነው?» እላለሁ። ሰሞኑን ግን ተራዋ ደርሶ ስጽፋት ጠመኔው ተሰበረብኝ። ፊቴንም ወደ ተማሪዎቹ ቶሎ ማዞር አቃተኝ። አፍሬ ነው። ማንን አፍረህ ነው በሉኝ። ታላቅ ወንድሜን። እሱ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ እርሻው ላይ ነበር። ነገሩን እነግራችኋለሁ፤ ብቻ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ ታገሡኝ። ያፈረ ሰው መቼ በአቋራጭ ይሄዳል?

መጀመሪያ ፍቺው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኛ ቤት ሳይፈታ የሚያልፍ ቃል አልነበረም። «የእንስሳ ነፍሱ ደሙ ናት» ይሉን ነበር። ደሙ ሲፈስ እሷም አብራ ፈሰሰች፣ አለቀ። የሰው ነፍስ ግን የምታስብና የምትናገር ናት፤ ሥጋው ሲያልቅ እሷ አታልቅም። እንግዲህ ሰው ሳያስብ ሲሠራ ያችን የምታስበዋን ነፍሱን እቤት ትቷት ወጥቷል፤ ይዟት የወጣው የደሙን ብቻ ነው። ከበሬ በምን ተለየ? አባቴ ይህንን የሚናገሩት እኔና ወንድሜ ማዕድ ሳይባረክ እጃችንን ወደ ወጡ ስንሰድ ነበርና፣ ፍቺው የገባኝ ከነኩርኩሙ ነው።

እኔም ክፍል ውስጥ ይህንኑ ነው የማስተምረው፤ ኩርኩሙ ብቻ ቀርቷል። ሳይታሰብበት፣ ሳይመከርበት፣ በተፈጥሮ ግፊት ብቻ የሚደረግ ነገር። ጫጩት የጭልፊት ጥላ ስታይ እናቷ ክንፍ ሥር ትገባለች። ማን አስተማራት? ማንም። ይህ ደመ ነፍስ ነው እላቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ስላቸው አንዱ ተማሪ «መምህራችን በደመ ነፍስ ያስተምሩናል» ብሎ ጻፈ። ሰዋስዉ ትክክል ስለሆነ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ምን ላድርግ?

ደግሞ ሁሉም ነገር ደመ ነፍስ አይደለም። የማውቃቸው አንድ ቄስ በቅሎ ነበረቻቸው። ይህች በቅሎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንዲት ጠላ የምትሸጥ ሴትዮ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ቢያባብሏት፣ ቢቆጧት፣ ንቅንቅ የለም። ቄሱም «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ የእንስሳ ደመ ነፍስ ነው» ብለው ይወርዳሉ። እኔ ደግሞ ቃል ያለቦታው ሲውል ዝም ማለት አልችልም። ኧረ አባ፣ ይሄማ ልማድ ነው፤ ደመ ነፍስ ከተፈጥሮ ነው፣ ልማድ ግን ከባለቤት የሚቀዳ ነው አልኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስቀላቸው ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ጠንከር ይላል።

የገበያውን ቀንም ልንገራችሁ። መናኸሪያው አጠገብ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ያሳለፍነውን ታውቁታላችሁ፤ እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ምን ፈነዳ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ገበያው በሙሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። እኔ የተዘረጋሁት አንዲት ሴትዮ ሽንኩርት ላይ ነው። ሴትዮዋ ቀድማኝ ተነሥታ፣ ጎማ ነው መምህር፣ ተነሥ፣ ሽንኩርቴን ጨረስከው አለችኝ። ያን ቀን አላፈርኩም። ርዕሰ መምህራችንም ከጎኔ በደረቱ ተኝቶ ነበር።

እሺ፣ በቅሎና ሽንኩርት የማወራው ወደ ነገሬ ላለመግባት ነው። ልግባ።

ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ይባላል። እኔ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ወንድምጋሼ ነው የምለው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አባታችን ቤት ነው የሚኖረው፤ ገብሱንም ድንቹንም የሚያርሰው እሱ ነው። ሁለታችንም አባታችን እግር ሥር ቁጭ ብለን ፊደል ቆጥረናል። እንዲያውም እሱ ይበልጠኝ ነበር። አባቴ ዓይናቸው ሲደክም ግን ከሁለት አንዳችን ሞፈር መያዝ ነበረብን፤ እሱ ያዘ። እኔ ተማርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ለረጅም ጊዜ ልብ አላልኩትም።

የተጣላነው በአባታችን መርዶ ነው። በርስት አይደለም፣ በባሕር ዛፍ አይደለም፣ በመርዶ። ለሌላ አገር ሰው ይሄ ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ሞቱን ቀድሞ ያወቀ ሰው አፉን ይይዛል። ሽማግሌ ይመረጣል። ገና ሳይነጋጋ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሩ ላይ ይደረሳል። ዘመድ ግራና ቀኝ ይይዘዋል፣ ራሱን ከግድግዳ እንዳያጋጭ። ከዚያ ነው የሚነገረው። እንዲያውም አይነገርም፤ ሽማግሌ በማለዳ በርህ ላይ ቆሞ ካየህ፣ ወንፊት ሊዋስ ቢመጣም አልቅሰህ ትጠብቀዋለህ። ወንድሜ ግን በስልክ ነገረኝ።

ከደሴ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ አቀስታ ላይ ሰው ለመጫን ቆሟል። የአቀስታን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። አቤት ወንድምጋሼ አልኩ። «አባባ አረፉ» አለኝና ጠረቀመው። በቃ። እንዴት ነህ የለ፣ ብቻህን ነህ ወይ የለ፣ አይዞህ የለ።

እኔ ጮህኩ። ሚኒባሱም አብሮኝ ጮኸ። አንዷ ነጠላዋን አውርዳ ወገቧን ታጠቀች፣ ሌላዋ ደረቷን መታች፣ ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት ጥሩ አድርገው ካለቀሱ በኋላ ነው «ማን ነው የሞተው?» ብለው የጠየቁት። አቅፈው የያዙኝ ስማቸውን የማላውቅ አንድ የወረኢሉ ከብት ነጋዴ ናቸው። «አብሽር የኔ ወንድም፣ ያልቅስ፣ አትያዙት» እያሉ መካነ ሰላም አደረሱኝ። መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ እንደ ዕቃ፣ መንገድ ላይ።

ቀብሩ ላይ ወንድሜን አላናገርኩትም። ከቀብሩ በኋላም አላናገርኩትም። ሽማግሌዎች ገቡ። እሱ አልተከራከረም። «አጥፍቻለሁ» አለ። ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ሊወድቅ፣ ታላቄ ሆኖ፣ እሺ አለ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቀው አልኩ። ለምን? አገር ሙሉ ሽማግሌ እያለ፣ ከከተማው እስከ ቤቱ የእግር መንገድ ሆኖ፣ ለምን በስልክ? ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ «አላውቅም» አለ። ሽማግሌዎቹ ደግመው ጠየቁት። «አላውቅም» አለ ደግሞ።

ይሄ «አላውቅም» ነው ያነደደኝ። ንቆኝ ነው አልኩ። ምክንያት እንኳ ሊሰጠኝ አልፈለገም። እኔ ለተማሪ «አላውቅም» ዜሮ ነው የምሰጠው፤ ለወንድሜም ዜሮ ሰጠሁትና ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለት ፋሲካ ለየብቻ ፈሰክን። ገበያ ላይ ከሩቅ ሳየው በሌላ መንገድ እታጠፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሱ በቀኝ ከቆመ እኔ በግራ ነኝ። ባለቤቴ አስካለ የኩታበር ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። ወንድምህ ነው እኮ ስትለኝ አውቃለሁ፣ አስቤበታለሁ እላታለሁ። እውነቴን ነው፤ ብዙ አስቤበታለሁ። በሐሳቤ ውስጥ ያልከሰስኩት ቀን አልነበረም።

በቅርቡ እትዬ ዘሀራ አረፉ። የእናታችን ጎረቤት ነበሩ፤ እናታችን ገበያ ስትውል እኔንም ወንድሜንም ያበሉን የነበሩ ሴት። ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተደባልቆ ተቀምጧል። እኔም ሸህ ይመር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሸህ ይመር የሰፈራችን አባት ናቸው፤ የታመመ ሲኖር፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲጣላ ዱዓ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። የትኛውም ወገን ይሁን፣ እሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ እኛም እንዘረጋለን።

የድንኳኑ መግቢያ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። እኔ ተነሣሁ። «ኖር» አልኩ። እንደ ሌላው ሰው ከወገቤ ከፍ ብዬ መለስ አላልኩም፤ ቀጥ ብዬ ተነሥቼ፣ ቦታዬን ለቅቄ፣ በእጄ «እዚህ» እያልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው ማን እንደሆነ ያየሁት። ወንድሜ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እሱ ሲገባ እነሣለሁ፤ ጉልበቴ የሚያውቀው ያንን ነው። መጣላታችንን ለጉልበቴ የነገረው የለም።

ወንድሜ ክው አለ። ቆሞ ቀረ። ከዚያ «በማርያም፣ ተቀመጥ» አለኝ። ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ፤ እኛ መኳረፋችንን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ሸህ ይመር ጊዜ አላጠፉም። እጃቸውን ዘረጉ። አላህ ፍቅራችሁን ያዝልቀው፣ የአባታችሁን ቤት አያፍርሰው፣ ሸይጣንን ከመካከላችሁ ያርቀው አሉ። ድንኳኑ «አሚን» አለ። እኔስ? መዳፌን ስመለከተው ተዘርግቷል። አፌም «አሚን» ብሏል። ምኑን ልመልሰው? አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቅን፤ ከአንድ ሳህን ንፍሮ በላን። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ግን እያለቀሰ ነበር የሚበላው። ሰው ለእትዬ ዘሀራ መስሎታል።

ይሄኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? አፈርኩ። ያፈርኩትም በማይታፈርበት ነው። እቤቴ እስክደርስ ሦስት ሰው እንኳን ታረቃችሁ ብሎ ሳመኝ። አንዱማ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ድንጋይ ሳታሸክም ይቅር አልክ አለኝ። እኔ ይቅር አላልኩም! ማን አማከረኝ? ሁለት ፋሲካ ሙሉ የጠበቅሁትን ክብር ጉልበቴ በአንድ አፍታ በነጻ ሰጠው። አስካለ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ዝም በይ አልኳት፤ በደመ ነፍስ ነው። እሷም ታዲያ ምን ይዞሃል፣ በምንም ይሁን በምን ተነሥተህ የለ አለችኝ። የምታስብ ነፍስ ስላለኝ አኩርፌ ተኛሁ።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። አንድ ማዳበሪያ ድንች ተሸክሞ መጥቷል። ነጭ ጋቢውን ለብሷል፤ ያ ጋቢ የሚለበሰው ለክብረ በዓል ነው። ላብ በላብ ሆኗል። አስካለ ድንቹን ተቀብላ ጓዳ ገባችና፣ ወዲያው ድስት ስትጥድ ሰማሁ። ሲገባ ተነሣህ እንዳትሉኝ። ቀድሜ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ተዘጋጅቻለሁ። እንደ ችሎት ዳኛ ተቀምጬ ጠበቅሁት።

ወንድሜ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እንዴት ጀምሮ እንደሚያወራ ጠፍቶት ግድግዳውን፣ የልጆቼን ፎቶ፣ ጣሪያውን ያያል። ደስ ብሎታል። ፊቱ ላይ ይታያል። እትዬ ዘሀራ በሞታቸው አስታረቁን፣ ነፍሳቸውን ይማር አለ። እኔ ነገሩ ሳይሰፋ ማስተካከል አለብኝ አልኩ። ቃል ያለቦታው ሲውል ዝም ማለት አልችልም ብዬ የለ?

«ወንድምጋሼ፣ እንዳትሳሳት» አልኩት። «የትናንቱ በደመ ነፍስ ነው።»

ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። አፌ አላመለጠኝም፤ ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነው።

ወንድሜ ወዲያው አልገባውም። ስለዚህ አስረዳሁት። አዎ፣ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። አባባ እንደሚሉት የእንስሳ ነፍስ እንዲህ ነው፣ የሰው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ትናንት የተነሣው ጉልበቴ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ገና እያሰብኩበት ነኝ፤ ይቅርታ ደግሞ ታስቦበት የሚደረግ ነገር ነው አልኩት። የጫጩቷንና የጭልፊቱን ምሳሌ ሳይቀር ነገርኩት። እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ደህና ተማሪ፣ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አይቻለሁ። እያየሁ ነው የቀጠልኩት።

ስጨርስ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። ከዚያ፣ «እንግዲያ የኔም እሱ ይሆናላ» አለኝ።

የቱ አልኩት።

«የስልኩ ነገር።»

ያን ቀን ከእርሻ ሲመለስ አባታችን ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ውኃ አምጣልኝ አሉት። በጣሳ ይዞ ሲወጣ አንገታቸው ዘንበል ብሏል። ይህንን ሲነግረኝ የጋቢውን ጫፍ እያፍተለተለ ነው፤ ወንድሜ ብዙ ቃል የሚያወጣ ሰው አይደለም።

«ሚስቴን አልጠራሁ፣ ጎረቤት አልጠራሁ» አለኝ። «ዓይናቸውን እንኳ አልከደንኩ። አንተ ‹አቤት ወንድምጋሼ› ስትል ነው ስልክ መያዜን ያወቅሁት። ቃሉም ከአፌ ወጣ። ያኔ ነቃሁ። ምን ጉድ ሠራሁ፣ ልጁን መንገድ ላይ ጣልኩት ብዬ ደንግጬ ዘጋሁት። ሽማግሌ ለምን ሲለኝ ምን ልበል? አላውቅማ። እጄ ነው የደወለው።»

እናንተዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ይህን ቃል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሳይታሰብበት፣ ሳይመከርበት እያልኩ የማስጽፈው እኔ ነኝ። እንዲህ ያደረገ ሰው ለምን ቢሉት «አላውቅም» ከማለት ሌላ ምን መልስ አለው? ወንድሜ ሽማግሌ ፊት፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ሁለት ጊዜ ትክክለኛውን መልስ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ዜሮ ሰጠሁት። ደግሞ አስቡት፤ አባቱ ፊቱ ላይ ሲሞቱ፣ ሚስቱ ጓዳ እያለች፣ ጎረቤቱ አጥር ላይ እያለ፣ እጁ ማንን ፈለገ? እኔን። ጭልፊት ያየች ጫጩት ወዴት እንደምትሮጥ አሁን ገና ሳስረዳው አልነበር?

ይሄኔ ተነሥቼ አንገቱ ላይ መጠምጠም ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ታደርጉት ነበር። እኔ ግን ምን ልበለው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። «ይቅርታ» ልበል? ትንሽ ናት፤ አውቶብስ ውስጥ እግሩን የረገጥከውን ሰው የምትለው ነው። «ይቅር በለኝ» ልበል? እሷም ሽማግሌ በሌለበት ትቀላለች። ጉልበቱን ልሳም? ከወንበሩ እስከ ወንበሬ ያለውን ርቀት ሁሉ አሰብኩ። እኔ ቃል ሳማርጥ ወንድሜ ዱላውን አነሣና ቆመ። ታላቅ ወንድሜ ቆሞ እኔ ተቀምጫለሁ። ትናንት ሳላዛቸው የተነሡ ጉልበቶች ዛሬ ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

አስካለ የተቀቀለውን ድንች በትሪ ይዛ ስትወጣ እሱ በሩ ላይ ደርሷል። ኧረ ምሳ፣ ኧረ በሞቴ አለችው። «ይቆየኝ እታለም፣ በሬዎቹን አስሬ ነው የመጣሁት» አላት። ወደ እኔ ዞር ብሎ «ደህና ዋል፣ አስብበት» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ከልቡ ነው ያለው፤ ይቅርታ ታስቦበት የሚደረግ ነገር ነው ብዬ አስተምሬዋለሁና። የእናቴ ልጅ፣ ድንች ተሸክሞ መጥቶ፣ እኔ ቤት እህል ሳይቀምስ ሄደ። ትሪው መካከላችን ላይ ቀረ። አስካለ አየችኝ፣ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ እስኪ ብላ፣ በደመ ነፍስ ብላ አለችኝ።

በላሁት። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ርቦኝ ነበር፣ ድንቹም ግሩም ነበር፣ እያለቀስኩ በላሁት።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ «እንደ በሬ መሆን ነው» የምትለዋን ማብራሪያ ትቻታለሁ። በሬ ምን አጠፋ? ወንድሙን ሁለት ፋሲካ ሲያኮርፍ ያየሁት በሬ የለም። በሬ አብሮት በተጠመደ ጓደኛው ላይ ክስ እያዘጋጀ አያድርም። ይህ የሚሆነው በምታስበዋ ነፍስ ነው፤ ያችኛዋን ነው እኔ ተምሬ ያሳደግኳት። ከመካከላችን ደህና ነገር የሠሩት የእሱ እጅና የእኔ ጉልበት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም ደግሞ ጥፋተኛ ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ።

አስካለ በየቀኑ ሂድና ግባበት ትለኛለች። መሄድ ካፈርክ ደውልለት ትለኛለች። ላስብበት ስላት አስበህ አስበህ እኮ ነው እዚህ ያደረስከን ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስልኩን አነሣለሁ። በምን ልጀምር እላለሁ። «ወንድምጋሼ፣ ያን ቀን ያልኩህ ነገር» ብዬ እጀምርና ዓረፍተ ነገሩ ይረዝምብኛል። አሳጥረዋለሁ። ሲያጥር ደግሞ የተኩራራ ይመስላል። አርሜ፣ ሰርዤ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የአማርኛ መምህር መሆን እንዲህ ያለ መርገም ነው።

አሁን አንድ ዘዴ ፈልጌያለሁ። ማታ ማታ ስቀመጥ ስልኩን ከእጄ አጠገብ አደርገውና ወደ ሌላ ወደ ሌላ አያለሁ። ምናልባት እጄ አንድ ቀን ሳያማክረኝ ይደውል ይሆናል።